ዲጂታሉ ኮምቦልቻ፣ ሚዲያው ደሴ

ደሴ ላይ የፊልም ትምህርት የሚጀመረው ሰርግ ሲያልቅ ነው። የጥር ሰርግ አልፎ፣ ከፋሲካ ወዲህ ያለው የሚያዝያና የግንቦት ግርግር ተጠናቆ፣ ሰኔ ላይ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ሰማዩም ወደ ዝናቡ ሲዞር ቪዲዮ ቀራጩ ሥራ ይፈታል። ካሜራው አለ፣ ኮምፒውተሩ አለ፤ የስቱዲዮው ኪራይ ግን ክረምት ነው ተብሎ አይቀርም። ስለዚህ ሐምሌ ሲገባ ከፒያሳ እስከ ሸዋበር ባሉት የመብራት ምሰሶዎች ላይ "የክረምት ስልጠና፤ ቪዲዮግራፊ፣ ኤዲቲንግ፣ ግራፊክስ፣ ዲጂታል ሚዲያ። በሁለት ወር ባለሙያ ይሁኑ" የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ነሐሴ ሳይጋመስ ዝናቡ ቀለሙን አጥቦ "ባለሙያ ይሁኑ" የሚለውን ብቻ ይተወዋል፤ የምን ባለሙያ እንደሆነ ምሰሶውም አያውቅ።

የኒውዮርክና የሎስ አንጀለስ ኮሌጆች የፊልም ኮርስ በዚሁ ወቅት የሚከፍቱት በደህና ምክንያት ነው። ተማሪው ዕረፍት ላይ ነው፤ ፀሐይዋም እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ድረስ አትጠልቅም። ደሴ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣ ሐምሌን የምታሳልፈው በጉም ነው። ጦሳ ራሱ አንዳንድ ቀን እስከ ቀትር ድረስ አይገለጥም። የፊልም መጻሕፍት "ወርቃማው ሰዓት" የሚሉት፣ ጀምበር ስትወጣና ስትጠልቅ ያለው ለስላሳ ብርሃን፣ እዚህ በሐምሌ ሰዓቱ አለ፤ ወርቁ የለም።

ደግነቱ ደመናው ሌላ ነገር ይሰጣል። ከዳር እስከ ዳር ሲሸፈን ብርሃኑን በእኩል ስለሚበትነው ፊት ላይ ጥቁር ጥላ አይወድቅም፤ ከዓይን ሥርም፣ ከአፍንጫ ሥርም። ስቱዲዮዎች ብዙ ብር አውጥተው የሚገዙትን ሶፍት ቦክስ የደሴ ሰማይ በነፃ ዘርግቶታል። ሰልጣኙ ይህን የሚረዳው ግን ሰማዩን አንድ ሁለት ሳምንት ከረገመ በኋላ ነው።

ከተመዝጋቢው የሚበዛው ውጤት ጠባቂው ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ፣ "ምን አመጣህ?" የሚለውን ጥያቄ ላለመስማት ከቤት የሚወጣበት ሰበብ የሚፈልግ ወጣት። በ2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ፈተናውን ከወሰዱት ከ845,000 በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 5.4 በመቶ ሆኑ። ይህን ቁጥር በሬዲዮ የሰማ አባት፣ በፊት "ካሜራማን ልትሆን ነው?" ብሎ የሚቆጣው ሰውዬ፣ ዛሬ የመመዝገቢያውን ብር ራሱ ከኪሱ ያወጣል። ማብራሪያ መጠየቁ ግን አይቀርም።

"ኤዲቲንግ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የማያስፈልገውን ቆርጦ ማውጣት ነው አባዬ።"

"እሱንማ እናትህ ጎመን ስትቀነጥስ በነፃ ታስተምርህ ነበር።"

መንግሥትም ቢሆን ወጣቱን በክረምት ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ይወዳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና ፕሮግራሚንግን፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራን፣ ዳታ ሳይንስንና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስን በነፃ ያስተምራል። ካሜራ የለበትም። ወላጅ ግን ሁለቱን አይለያቸውም፤ ልጁ አይጥ ይዞ ስክሪን ላይ ካፈጠጠ "ኮምፒውተር እየተማረ ነው" ይባላል፣ ጎረቤትም ያደንቃል።

አሁን ወደ ዋናው የአካባቢው ጣጣ እንምጣ። ዲጂታል ሚዲያ ሁለት ነገር ነው፤ ወሎ ላይ ደግሞ ሁለቱ የሚኖሩት በተለያየ ከተማ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ደሴ ነው፤ ቋንቋውና ጋዜጠኝነቱ እዚያ ነው። የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግን ኮምቦልቻ ነው፤ ኮምፒውተር ሳይንሱም ሶፍትዌሩም አብሮ ወርዷል። ስለዚህ ታሪክ መጻፍ የሚችለው ልጅ ደሴ ላይ ብርድ ይመታዋል፤ ኮምፒውተር የሚፈታ የሚገጥመው ልጅ ኮምቦልቻ ላይ ሸሚዙን ያራግባል። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። መንገዱ ደግሞ ሐረጎ ነው።

ሐረጎን የሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ለማያውቅ፦ መንገዱ ከተራራው ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ቦርከና ሸለቆ 600 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ የጭነት መኪና ከፊት፣ የጭነት መኪና ከኋላ፣ ገደል ከጎን። ሰልጣኝ በሚኒባስ ሲጓዝ መስኮት ዳር ለመቀመጥ ይጋፋል። ጉሙ ሲገለጥ ታች ኮምቦልቻ ትታያለች፤ እዚህ ላይ አንዱ መቆየት ያቅተውና "ወራጅ አለ!" ይላል። ረዳቱ ዞሮ ያየዋል፣ ሹፌሩም በመስታወት ያየዋል። ሐረጎ መሐል ላይ ማን ይወርዳል? "ለሾት ነው" ሲል ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ይስቃል። አንዲት እናት ብቻ ደንግጠው "ምን ተተኮሰ?" ብለው ይጠይቃሉ፤ ሚኒባሱ ዝም ይላል። የፊልም ሰው እንግሊዝኛውን እንደወረደ ሲጠቀም እዚህ አካባቢ ቢጠነቀቅ ጥሩ ነው።

የሐረጎ ዋናው ትምህርት ግን ከተወረደ በኋላ ነው የሚመጣው። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት አየሩ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚሞቅ ኮምቦልቻ ከደሴ በ4 ዲግሪ ገደማ ትበልጣለች፤ በክረምት ደግሞ የታችኛው አየር እርጥበት የጠገበ ነው። ደሴ ላይ ሲበርደው ያደረው ካሜራ ኮምቦልቻ ላይ ከቦርሳ ሲወጣ ሌንሱ ወዲያው ያልበዋል። ሰልጣኙ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርገዋል፤ መልሶ ያልበዋል። ይጠርጋል፤ ያልበዋል። "ካሜራው ተበላሸ" ብሎ ለአሰልጣኙ ሲደውል መድኃኒቱ ፌስታል መሆኑን ይሰማል። ካሜራውን ደሴ ላይ በፌስታል አጥብቆ አስሮ መውረድ፣ ኮምቦልቻ ደርሶ ሳይፈቱ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ፣ እስከዚያው ሻይ መጠጣት። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ያርፋል እንጂ ሌንሱ ላይ አይደርስም። በዚህ ኮርስ እንደ ፌስታል ዋጋውን የሚያወጣ ዕቃ የለም።

ሁለተኛው ፈተና ቆርቆሮ ነው።

የስልጠናው መርሐ ግብር ድምፅን ለነሐሴ መጀመሪያ ይመድባል። ጥፋቱ የአሰልጣኙ ብቻ አይደለም፤ መጽሐፉ ከምስል ቀጥሎ ድምፅ ይላል። ክፍሉ ከፎቶ ቤት ጀርባ ያለ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ነው። ማይኩ ይሰካል፣ የጆሮ ማዳመጫው ይደረጋል፣ አንዷ ሰልጣኝ የተዋናይዋን ንግግር ስትጀምር ሰማዩ ይለቀዋል። ዶፉ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሰዎች እንኳን በምልክት ይግባባሉ። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ሌላው ተራውን ይይዛል፤ የባጃጅ ጥሩምባ፣ ከዚያ አዛን፣ ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ። ወሎ ላይ ሁለቱም አሉ፣ ሁለቱም ሰዓታቸውን ያከብራሉ፤ የድምፅ ባለሙያ የሚሆን ሰው ሁለቱንም የሰዓት ሰሌዳ በቃሉ መያዝ አለበት።

የውጭውን ጩኸት ጠብቆ ማሳለፍ ነው፤ ለክፍሉ ግን መፍትሔው ጋቢ ሆነ። ሰልጣኟ ጥግ ላይ ትቀመጣለች፣ አንድ ጋቢ ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፣ ሌላው ከራሷ በላይ ድንኳን ሆኖ ይወጠራል፣ እሷም ማይኳን ይዛ ከውስጥ ትናገራለች። ወፍራም ጥጥ የቤቱን ማስተጋባት ስለሚውጥ ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ በውጭ አገር ስቱዲዮ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ስፖንጅ የሚሠራውም ሥራ ይኸው ነው። ችግሩ የቤቱ ባለቤት ሻይ ይዘው ሲገቡ ነው። ልጅቷ ጋቢ ተከናንባ፣ ላብ ጠምቋት፣ "አልተውህም! ትመለሳለህ!" እያለች ስትጮህ ያያሉ። ሻዩን አስቀምጠው ቀስ ብለው ወጥተው "ጠበል ብትወስዷት አይሻልም?" ይላሉ።

ስለ መብራቱም አንድ ነገር መባል አለበት፤ ምክንያቱም ብዙ ስልክ በከንቱ ጥገና ቤት የገባው በዚህ ነው። ሰልጣኙ ማታ ክፍል ውስጥ ሲቀርጽ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ከላይ ወደ ታች ሲፈሱ ያያል። በዩቲዩብ ያጠናውን አሜሪካዊ አስተማሪ ሰምቶ የካሜራውን ፍጥነት በሰከንድ 1/60 ላይ አድርጎታል። አስተማሪው አልዋሸም፤ የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ ነው። የእኛው ግን 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን አያየውም፤ ካሜራ ግን አይሸወድም። ፍጥነቱ ወደ 1/50 ወይም 1/100 ሲመለስ መስመሩ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ችግር መብራቱ ሲመጣ ሳይሆን ሲሄድ የሚፈጠረው ነው፤ ለእሱ የካሜራ ማስተካከያ አልተሠራለትም።

ኮምቦልቻ በበኩሏ ለልምምድ የሚሆን ነገር አላጣችም። እ.ኤ.አ. በ1895 የሉሚየር ወንድማማቾች ሊዮን ከተማ ውስጥ ካሜራቸውን ከፋብሪካቸው በር ፊት ለፊት አቁመው ሠራተኞች ሲወጡ ቀረጹ። ከአንድ ደቂቃ ያነሰች ናት፤ ሲኒማ የሚባለው ነገር ታሪኩን ሲያወራ ከእሷ ይጀምራል። ኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ በር ሞልቷታል፤ ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ልምምዱ ቀላል ነው፦ በር ላይ ቆሞ ሃምሳ ሰከንድ፣ ሳይንቀሳቀሱ፣ ሳይቆርጡ። የሉሚየር ፋብሪካ የራሳቸው ስለነበር ያላጋጠማቸው ሰው እዚህ አለ፤ ዘበኛው።

"ምንድን ነው የምትቀርጹት?"

"ሠራተኛ ሲወጣ ነው ጋሼ።"

"ሠራተኛ መውጣቱ ምን ይገርማል? በየቀኑ ይወጣ የለም?"

ከዚህ የከበደ የፊልም ሂስ ሰልጣኙ በሁለት ወር ውስጥ አይሰማም። ጥያቄው የፈቃድ መስሎት ነገ ተመልሶ "ለሚመለከተው ሁሉ" የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ያመጣል። ዘበኛው ደብዳቤውን ገልብጦ ጀርባውን ጭምር ያየዋል። የጠየቀው ግን ማኅተም አልነበረም፤ ምን ይገርማል ነው ያለው። በሦስተኛው ቀን ከልጆቹ አንዷ ካሜራውን በሩን ትታ እሱ ላይ ታዞረዋለች፤ ሲፈትሽ፣ ሲያስፈርም፣ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር የእናት ጤና ሲጠያየቅ። ከክፍሉ ሥራዎች ሁሉ ሰው ሳያዛጋ የሚያየው ይህ ይሆናል።

ወሎ ከካሜራ ጋር የተዋወቀው ግን በሰርግም በፋብሪካ በርም አይደለም። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ላይ የሠራው "ያልታወቀው ረሃብ" የተባለ ዘገባ በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ዓለም የወሎን ረሃብ በዚያ ምስል አወቀ። አንድ ዓመት ሳይሞላ ደርግ ያንኑ ፊልም ወስዶ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ ቀጠለውና በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ በዕንቁጣጣሽ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ።

ኤዲቲንግ መቁረጥ ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም። የተራበው ሕፃን ብቻውን አንድ ነገር ነው፤ የድግሱ ኬክም ብቻውን አንድ ነገር ነው፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሦስተኛ ነገር ይወለዳል። የሩሲያ የፊልም መምህራን በንድፈ ሐሳብ ያስተማሩትን ነገር ደርግ ለፖለቲካ ተጠቀመበት፤ ጥሬ ዕቃው የመጣው ደግሞ ከወሎ ነው። በደሴ የክረምት ስልጠናዎች ይህ ታሪክ ሲነሳ እምብዛም አይሰማም። መነሳት ነበረበት። የሆሊዉድ ፊልም ከማሳየት በፊት ተማሪው አያቱ የተቀረጹበትን ዘመን ቢያውቅ ይሻለዋል።

ከዚያም ጥቅምት 1977 ዓ.ም. መጣ። ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከቆረም የላኩት ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ፤ ላይቭ ኤይድ የተባለው የሙዚቃ ድግስ የዚያ ውጤት ነው። ምስሉ እህል አምጥቷል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። የተቀረጹት ሰዎች ስም ግን ከአብዛኛው ምስል ጋር አልተጓዘም። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰልጣኝ ካሜራ ይዞ ገጠር ወደ አያቱ ሲሄድ፣ አያቱ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቡናውን አቦል ቀድተው፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት "ለማን ነው የምታሳየው?" ብለው ነው። "ለእናንተው ነው እማማ፣ አብሽሪ" ይላል ልጁ። ይህን ቃል መስጠት ቀላል ነው። መጠበቁ ነው ሌላ ስልጠና የሚጠይቀው፤ ልጁ ገና ሐረጎ ሳይደርስ ቲክቶክ ላይ ለጥፎት ሊሆን ይችላል።

በዚያው በንጉሡ መውረጃ ሰሞን አንድ የጎንደር ልጅ ከሎስ አንጀለስ ትምህርት ቤቱ ወደ አገሩ መጥቶ ነበር። ኃይሌ ገሪማ "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት"ን በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም በጥቂት ሳምንታት ቀረጸው። ያን ጊዜ አንድ የ400 ጫማ ጥቅል የሚይዘው 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሰው ካሜራውን ከመክፈቱ በፊት ያስባል። የዛሬው ሰልጣኝ 64 ጊጋባይት ሚሞሪ ይዞ መጀመሪያ ይቀርጻል፣ ከዚያ ያስባል፣ ከዚያ "ሚሞሪ ሞላ" ይላል። የሰርግ ልማድ ነው። ሰርግ ላይ ምንም አይታለፍም፤ ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ የሚዜዎቹ ጫማ፣ አጎት ሁሉ መቀረጽ አለባቸው፤ የተዘለለ አጎት እስከ ልጅ ልጅ ያኮርፋል። ይህን ልማድ አሰልጣኞቹ ራሳቸው ስላመጡት ማስጣሉ ይከብዳቸዋል።

ሰርግን መናቅ ግን ስህተት ነው። የወሎ ቪዲዮ ቀራጭ ኒካሕም ተክሊልም ይቀርጻል፤ አንዳንዴ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱንም። የት ጫማ እንደሚወልቅ፣ የት ድምፅ እንደሚቀነስ፣ የትኛው ክፍል ውስጥ ወንድ ካሜራማን እንደማይገባ ያውቃል። በሴቶች በኩል ያለውን ዝግጅት ሴት ብትቀርጸው የሚመርጡ ቤተሰቦች ስላሉ ከክረምት ሰልጣኞች ቶሎ ሥራ የሚያገኙት ብዙ ጊዜ ሴቶቹ ናቸው። "ካሜራ ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል?" ያለ ጎረቤት ሁሉ ለልጁ ሰርግ ቀጠሮ ሊያስይዝ ይመጣል።

ዲጂታል የሚለው ቃልም በዚህ አካባቢ ብዙ አይቷል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜኑ ጦርነት ሲያዙ ከዩኒቨርሲቲው ጀምሮ ብዙ ተቋም ተዘርፏል፤ ኮምፒውተር ደግሞ ለዘራፊ የሚመች ዕቃ ነው። በ2015 ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ሲነሳ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ዩቲዩብ ሳይከፈት የዩቲዩብ ሥራ የሚማር ትውልድ ያኔ ተፈጠረ። ትምህርቱ በፍላሽ ይዞር ነበር፤ አንዱ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ሃርድ ዲስኩን ሞልቶ ያመጣ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ያንኑ ኤዲቲንግ አስተማሪ፣ ያንኑ ቀልድ፣ ያንኑ "ሰብስክራይብ አድርጉ" እየሰማ ይከርም ነበር፤ የሚጫነው ቁልፍ ግን አልነበረም።

ጳጉሜን ሲቃረብ የመመረቂያ ፊልሞች ይታያሉ። አዳራሽ ከተገኘ በአዳራሽ፣ ካልተገኘ ስቱዲዮው ውስጥ ነጭ አንሶላ ተሰቅሎ። ተመልካቹ ዝም ብሎ አያይም። "ይቺ የእትዬ ቤት አይደለችም እንዴ?" "አዎ፣ በሩን ቀለም ቀብተውታል።" "ያ የቆመው ሰውዬ ብድሬን ሳይመልስ ነው ፊልም የሚሠራ?" ፊልሙ ስድስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ምስጋናው አራት ደቂቃ። ፈጣሪ፣ ወላጆች፣ ጋቢውን ያዋሱት፣ ሚኒባሱን ያቆመው ሹፌር፣ የፋብሪካው ዘበኛ በተራ በስማቸው ይወርዳሉ። መብራቱ ሲበራ ከኋላ ወንበር አንድ ባለሱቅ ይነሳሉ። ዝናቡ ሲመጣ ልጆቹ ከነካሜራቸው ክረምቱን ሙሉ የተጠለሉት በእሳቸው በረንዳ ነበር፤ ስማቸው ግን አልወጣም። አሰልጣኙ ይቅርታ ጠይቆ "ኤዲት እናደርገዋለን" ሲል ሰውዬው ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ከልጃቸው ሰምተው ኖሮ፣ "ደሞ ከምኑ ልትቆርጡኝ ነው?" አሉ።